ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ሌላ ምን አማራጭ አለ? ስለ መጻፊያና ስለ ሰንጠረዥ ሶፍትዌሮች ቀለል ያለ ማብራሪያ

ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2016 እና ለኦፊስ 2019 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ያበቃው በዚያው ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ «ወርዴ ሊዘጋ ነው እንዴ?» የሚለው ጥያቄ በየቢሮው ይሰማል።

አይዘጋም። ድጋፍ ቆመ ሲባል ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ይጻፍበታል፣ ፕሪንት ይደረግበታል። የቀረው ነገር የጥገና ሥራው ነው። ነገ አንድ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። በኢሜይል የመጣ የወርድ ፋይል ከፍተው ኮምፒውተራቸው የሚበከልባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቁት እንዲህ ባለው ክፍት በቀረ ቀዳዳ ነው። ኦፊስ 2021 ያላቸውም ብዙ ጊዜ የላቸውም፤ የእሱ ድጋፍ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል።

ስለዚህ አዲስ ኦፊስ መግዛት፣ ወይም ሌላ መፈለግ የግድ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በክራክ መቀጠል ምን ችግር አለው?

እኛ ዘንድ ብዙው ኮምፒውተር ላይ ያለው ኦፊስ የተገዛ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ሻጩ በፍላሽ ጭኖ የሰጠው፣ ፈቃዱ የተሰበረ፣ በተለምዶ «ክራክ» የምንለው ነው። የሕጉን ነገር ለጊዜው እንተወውና ሌላ ጣጣ አለው፤ ፈቃዱን የሚሰብሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች ሲጫኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጸረ ቫይረሱ እንዲጠፋ ነው። ከእነዚህ ታዋቂው ኬኤምኤስፒኮ፣ ክሪፕትቦት የተባለ የይለፍ ቃል ሰራቂ ተለጥፎበት እንደሚሰራጭ የደኅንነት ተመራማሪዎች በ2021 አጋልጠዋል። የድርጅቱ ሒሳብ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ጸረ ቫይረስ አጥፍቶ ከማያውቁት ሰው የመጣ ፕሮግራም መጫን ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕጋዊው መንገድ ማይክሮሶፍት 365 ነው፤ ለአንድ ሰው በአሜሪካ ገበያ በዓመት 99.99 ዶላር። ከዋጋው በላይ የሚያስቸግረው ግን ክፍያው ነው፤ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ለብዙ ሰው ዛሬም ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ የማይክሮሶፍት አካውንት ያለው ሰው ወርድንና ኤክሴልን በብራውዘር ላይ በነፃ መጠቀም ይችላል። ጎደሎ ነው፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም አብሮ ይቋረጣል፤ አልፎ አልፎ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ግን ይበቃል።

አማራጮቹ እነማን ናቸው?

ሊብሬኦፊስ የሁሉም ታላቅ ነው። መነሻው ጀርመን ውስጥ ስታርዲቪዥን የተባለ ኩባንያ የሠራው ስታርኦፊስ ሲሆን፣ በ1999 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛውና በ2000 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው፤ ኦፕንኦፊስ የተባለውም ያኔ ነው። በ2010 ኦራክል የተባለው ኩባንያ ሰንን ሲጠቀልል ሠሪዎቹ አልተመቻቸውም። አብዛኞቹ ወጡና መቀመጫው በርሊን በሆነው ዶክመንት ፋውንዴሽን ሥር ሊብሬኦፊስን መሠረቱ። ኦፕንኦፊስ የሚለው ስም ዛሬም አፓቼ በተባለ ድርጅት እጅ አለ፤ ከ2014 ወዲህ ግን ከጥቃቅን ጥገና ያለፈ እትም አላወጣም። ስለዚህ ወዳጅ «ኦፕንኦፊስ ጫን» ቢላችሁ የሚያስበው ስለ ሊብሬኦፊስ ነው ብላችሁ እለፉት። ሊብሬኦፊስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ማስታወቂያ የለበትም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ምናሌውም በአማርኛ አለ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከ25.8 እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 7 እና 8 ላይ አይጫንም።

ኦንሊኦፊስ ከላትቪያ የመጣ ነው። ገጽታው ወርድን ይመስላል፤ ፋይሎቹንም የሚሠራው ከመነሻው በማይክሮሶፍት የፋይል ዓይነት ነው። የኮምፒውተር እትሙ በነፃ ይገኛል።

ደብሊውፒኤስን በስልኩ ላይ የማያውቅ ጥቂት ነው። ኪንግሶፍት የተባለ የቻይና ኩባንያ ምርት ነው። ከሁሉም በላይ ለወርድ የለመደ ዓይን ይመቸዋል፤ ነፃው እትም ግን ማስታወቂያ ያሳያል፣ «ይህን ለመጠቀም ይክፈሉ» የሚል መስኮትም ደጋግሞ ብቅ ይላል።

ጉግል ዶክስና ሺትስ በብራውዘር የሚሠሩ ናቸው። አምስት ሰው አንድ ሪፖርት ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ ከተፈለገ የሚስተካከላቸው የለም። ኢንተርኔት በሌለበት ለመሥራት አስቀድሞ በክሮም ላይ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ከተቋረጠ በኋላ ነው።

የጀርመኑ ፍሪኦፊስም አለ፤ ለደካማ ኮምፒውተር ቀላል ነው።

ወርድ ላይ የተጻፈው ሌላ ቦታ ሲከፈት ለምን ይዘበራረቃል?

የአማራጮቹን ስም የሚያጠፋው ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

የአንድ ዶክኤክስ ፋይል (የወርድ ሰነድ) ቅጂ ወስዳችሁ የስሙን ቅጥያ «ዚፕ» ብላችሁ ቀይሩትና ክፈቱት። አንድ ፋይል የመሰላችሁ ነገር በውስጡ ብዙ ፎልደሮች እንዳሉት ታያላችሁ። ሥዕሎቹ ለብቻ፣ የፎንት ዝርዝሩ ለብቻ፣ ጽሑፉ ለብቻ ተቀምጧል። ጽሑፉን የያዘውን በኖትፓድ ብትከፍቱት በየመስመሩ ትእዛዝ ታገኛላችሁ፦ እዚህ አንቀጽ ይጀምራል፣ ፎንቱ ይህ ነው፣ ይህ ቃል ይደምቅ። መጠኑን 12 ያላችሁት ጽሑፍ እዚያ 24 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ፋይሉ የሚቆጥረው በግማሽ ነጥብ ስለሆነ ነው። የሌለው ነገር ቢኖር የገጹ መልክ ነው። መስመሩ የት እንደሚታጠፍ፣ ገጹ የት እንደሚያልቅ አልተጻፈም።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ልካችሁ የተጻፈበትን ወረቀት አስቡ። ወረቀቱ ልብስ አይደለም። ያንኑ ወረቀት ለሁለት ሰፊዎች ብትሰጡ ሁለቱም ልካችሁን ጠብቀው ይሰፋሉ፤ አንደኛው ጨርቁን ካጣው ግን በሌላ ጨርቅ ይተካዋል፣ ልብሱም ሌላ ይሆናል። ወርድና ሊብሬኦፊስ ሁለቱ ሰፊዎች ናቸው፣ ፎንቱ ጨርቁ ነው። ፒዲኤፍ ግን ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው፤ የትም ቢወሰድ መልኩ አይለወጥም።

ከመዘበራረቁ ብዙው የሚመጣው ከፎንት ነው። ካሊብሪ የሚባለው የወርድ ፎንት የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ሌሎቹ ይዘውት አይመጡም። ሊብሬኦፊስ በምትኩ ካርሊቶ የሚባለውን ያስገባል፤ የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ከካሊብሪ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ መስመሩ ቦታውን አይለቅም። ማይክሮሶፍት ከ2023 ጀምሮ ካሊብሪን ትቶ አፕቶስ ወደሚባል ፎንት ዞሯል፤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር፣ አሮጌ ኦፊስ ላይም ቢሆን፣ መስመሩ ይዛነፋል። ማለትም ችግሩ በሁለት የወርድ እትሞች መካከልም አለ።

የቀረው ጥፋት ከራሱ ከፋይል ዓይነቱ የሚመጣ ነው። ዶክኤክስ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰጥቶታል፤ የመጀመሪያው ሰነድ ብቻ ከ6,000 ገጽ በላይ ነበር። ሁለት መልክ አለው፦ ጥብቁ እና የቀድሞ ወርዶችን ልማድ ሁሉ ተሸክሞ የሚሄደው የሽግግሩ። ወርድ ሳትነኩት የሚያስቀምጠው በሽግግሩ ነው። ሌሎቹ ሶፍትዌሮች ያንን አሮጌ ልማድ ሁሉ እየተከታተሉ ማስመሰል አለባቸው። ሊብሬኦፊስ የራሱ የሚለው ኦዲኤፍ የተባለ የፋይል ዓይነት በ2006 ደረጃ ያገኘ፣ ሰነዱም አጠር ያለ ነው፤ የምትልኩለት ሰው ወርድ ብቻ ካለው ግን እሱም በተራው ይዛነፍበታል።

በተግባር የሚበላሸው የቱ ነው? ተራ ጽሑፍ፣ ርዕስ፣ ቀላል ሰንጠረዥ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ አስተያየትና የእርማት ምልክት በአብዛኛው በሰላም ያልፋሉ። የሚቸገረው በጽሑፍ ሳጥን ተደራርቦ የተሠራ የደብዳቤ ራስጌ፣ ስማርትአርት የሚባለው ሥዕል፣ በስፔስ ቁልፍ እየተገፋ የተሰለፈ ጽሑፍ ነው። የመጨረሻው የጸሐፊው ጥፋት ነው፤ በስፔስ የተሰለፈ ነገር ወርድ ላይም የቆመው በዕድል ነው።

አማርኛውስ?

«ሊብሬኦፊስ አማርኛ አያነብም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በብልሃት ነበር፤ ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል መስሎት የሚያስቀምጠውን ፎንቱ በ«ሀ» እና በ«ለ» ቅርጽ ያሳየዋል። በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ጭረት የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህ በአዲሱ ወርድም ላይ ይሆናል። ፎንቱን ኮምፒውተሩ ላይ ብትጭኑት ሊብሬኦፊስም እንደ ወርድ ያሳየዋል፤ ፎንት የኮምፒውተሩ እንጂ የአንድ ፕሮግራም አይደለምና። ለዘለቄታው ግን እነዚያን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይሻላል፤ ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉን መፈለግም መቅዳትም አይቻልም።

በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ሁሉም ላይ ይነበባል፤ እንደ ኪማን ያሉ የመጻፊያ ሶፍትዌሮችም በየትኛውም ፕሮግራም ይሠራሉ። የሚቀረው የመጠን ጉዳይ ነው። ኒያላ የሚባለው ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ካልተጫነ የለም፤ በእሱ ቦታ የሚመጣው ኤብሪማ ነው። የሁለቱ ፊደል ስፋትና ቁመት አይገጥምም። አንድ ገጽ ላይ በልክ የተጻፈ ደብዳቤ ይህ ሲደርስበት «ከሰላምታ ጋር» እና ግልባጩ ብቻቸውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳሉ፤ ማኅተሙ ባዶ ወረቀት ላይ ሊያርፍ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መሥሪያ ቤቱ እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለ ነፃ ፎንት መርጦ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ መጫን። ወርድም ሊብሬኦፊስም ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የማስቀመጥ ምርጫ አላቸው፤ ፋይሉን ትንሽ ያከብደዋል እንጂ ይሠራል።

ኤክሴልን የሚተካ አለ?

መልሱ ኤክሴልን ለምን እንደምትጠቀሙበት ይወሰናል። ለዝርዝር፣ ለድምር፣ ለፔይሮል፣ ለበጀት ከሆነ አዎ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተሻሻለውን የደመወዝ ግብር እንውሰድ። እስከ 2,000 ብር ነፃ ሆኗል፤ ከ14,000 ብር በላይ ደግሞ 35 በመቶ ተሰልቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ይህን ኤክሴል ላይ ኢፍን በኢፍ ውስጥ እየደራረበ የሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ፋይሉን ሊብሬኦፊስ ካልክ፣ ኦንሊኦፊስ ወይም ጉግል ሺትስ ላይ ቢከፍተው ለ15,000 ብር ደመወዝ 3,200 ብር ግብር ይወጣለታል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,050 ብር፣ ሲነሳ 10,750 ብር ይተርፋል። ኤክስሉክአፕ የሚባለው አዲሱ መፈለጊያ ፎርሙላም ከ2024ቱ 24.8 እትም ጀምሮ ሊብሬኦፊስ ውስጥ ገብቷል።

ስትሞክሩ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሊብሬኦፊስ የኤክሴልን ፋይል ሲከፍት ካልነገራችሁት በስተቀር አዲስ ስሌት አይሠራም፤ ኤክሴል አስልቶ ፋይሉ ውስጥ ያስቀመጠውን መልስ እንዳለ ያሳያል። ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ብቻ ፎርሙላው ይሠራል ማለት አይደለም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ9ን አንድ ላይ ጫኑ፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይሰላል። ስህተት ካለ ያኔ ይወጣል።

ኤክሴልን መተካት የሚከብደው ማክሮ ሲመጣ ነው። ማክሮ ማለት ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንድ በተን ሲጫን የ200 ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት በተራ የሚያወጣው ዓይነት። የኤክሴል ማክሮ የሚጻፈው ቪቢኤ በሚባል ቋንቋ ነው። ሊብሬኦፊስ በከፊል ይረዳዋል፤ ጉግል ሺትስና ኦንሊኦፊስ የራሳቸው ሌላ ቋንቋ ስላላቸው እንደ አዲስ መጻፍን ይጠይቃል። ፓወር ኩዌሪ የሚባለው፣ ከብዙ ፋይል መረጃ ሰብስቦ የሚያጸዳው የኤክሴል መሣሪያ ደግሞ ሊብሬኦፊስ ውስጥ አቻ የለውም። በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሒሳብ ክፍሎችም ያስቡበት፤ ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል የሚልከው በተን የሚጠራው ራሱን ኤክሴልን ነው።

በአንጻሩ አማራጩ የሚበልጥበት ቦታ አለ። ጉግል ፎርም ላይ በአማርኛ የተሞላ ምዝገባ ሲኤስቪ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ አውርዳችሁ በኤክሴል ሁለቴ ጠቅ ብታደርጉት ስሞቹ ሁሉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ኤክሴል የፊደሉን ዓይነት በግምት አንብቦ ስቶ ነው። ሊብሬኦፊስ ካልክ ግን ያንኑ ፋይል ከመክፈቱ በፊት «ፊደሉ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ናሙናውንም ያሳያል። ዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ አጻጻፍ) ብላችሁ እሺ ስትሉ አበበና ጫልቱ በየስማቸው ይመጣሉ።

የቀየሩ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ምን ገጠማቸው?

ዣንዳርሜሪ የሚባለው የፈረንሳይ የፖሊስ ኃይል ከ2005 ጀምሮ ወደ ኦፕንኦፊስ ሄዶ ከዚያም ወደ ሊብሬኦፊስ አልፏል። የጀርመኗ ሽሌስቪግ ሆልስታይን ክልል በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬኦፊስ ለማዞር ወስኗል። ዛሬም የሚያከራክረው የሙኒክ ከተማ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኑክስና ነፃ ኦፊስ ከተጠቀመች በኋላ ምክር ቤቷ በ2017 ወደ ማይክሮሶፍት ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። አንዱ ወገን የፖለቲካ ውሳኔ ነው ይላል፣ ሌላው የሠራተኛው እሮሮ ነው ይላል። ሥራውን ካከበዱት ነገሮች አንዱ በየክፍሉ ተበትነው የነበሩት በሺዎች የሚቆጠሩ የደብዳቤ ቅጾችና ማክሮዎች ናቸው።

ከመቀየሬ በፊት ምን ልሞክር?

ባዶ ገጽ ከፍቶ «ሰላም» ብሎ መጻፍ ፈተና አይደለም፤ ሁሉም ያልፉታል። በሥራ ላይ ከሚውሉት ፋይሎች የባሱትን አውጡ፦ ራስጌና ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚያስጨንቀውን የሒሳብ ፋይል፣ ሦስት ሰው እርማት የሠራበትን ውል። ቅጂያቸውን አዲሱ ሶፍትዌር ላይ ክፈቱ፣ አንድ ነገር ቀይሩ፣ አስቀምጡና መልሳችሁ በወርድ ወይም በኤክሴል ክፈቱ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን የመልስ ጉዞ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን እዚያ ነው።

ሊብሬኦፊስን የምትመርጡ ከሆነ ሁለት ነገር መጀመሪያውኑ አስተካክሉ። አንደኛው፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር የምትጻጻፉ ከሆነ ፋይሉ ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት እንዲቀመጥ በምርጫዎቹ ውስጥ ማዘዝ ነው፤ አለዚያ ኦዲቲ የሚል (የሊብሬኦፊስ የራሱ ዓይነት) ፋይል ልካችሁ «አልከፍት አለኝ» የሚል ስልክ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ገጽታውን በታብ ወደተደረደሩ ምርጫዎች መለወጥ ነው፤ ወርድ የለመደ ሰው ግራ መጋባቱ ይቀንሳል።

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መጠቀም አለበት?

የለበትም፤ አብዛኛው ቢሮም መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በድብልቅ ነው። ሃያ ሰው ባለበት ድርጅት ማክሮና ፒችትሪ የሚነኩት ምናልባት ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። ለእነሱ ኤክሴልን ገዝቶ ለቀሩት አሥራ ስምንቱ ሊብሬኦፊስ መጫን ለሃያውም ክራክ ከመጫን ይሻላል፤ ለሃያውም ከመግዛትም ይረክሳል። ድብልቁ የሚጠይቀው ስምምነት አለ፦ አንድ ሰነድ በሁለት ፕሮግራም መካከል ሲመላለስ አይክረም። ረቂቁ በየትም ይጻፍ፣ የመጨረሻው እርማት ግን በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ይደረግ፤ ወደ ውጭ የሚወጣውም በፒዲኤፍ ይሁን።